ከዳካ ለሐኪሟ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

የወንድምሽ ምረቃ እዚህ ዳካ በሰላም ተጠናቋል፤ እሱም አሁን ከጎኔ ቁጭ ብሎ ሻንጣዬን እየሸከፈልኝ ነው። ባለፈው በስልክ "አባዬ፣ ባንግላዴሽን እንዴት አገኘሃት?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የስልክ ነገር ሆኖ በአጭሩ መለስኩልሽ። ነገ ወደ አገሬ እሳፈራለሁና ከዚያ በፊት ጥያቄሽን እንደሚገባው ልመልስልሽ ፈለግሁ። አንቺም ምደባሽን እየጠበቅሽ ነው። የምጽፍልሽ ነገር ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ቢደርስሽ ደስ ይለኛል።

ልሄድ ስነሳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ባንግላዴሽ? እዚያ ደግሞ ምን አለ?" ይለኝ ነበር። ልጄ ጀርመን ተመርቆልኝ ብሄድ ኖሮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ አይኖርም ነበር። ጥያቄው ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ ግን አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም ስለ እኛም ዓለም ለብዙ ዘመን የጠየቀው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባንግላዴሽ ከፓኪስታን ለመነጠል በጦርነት ውስጥ ሳለች ሙዚቀኞቹ ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር ኒውዮርክ ላይ ለተፈናቃዮቿ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት አደረጉ። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ለእኛ ተዘፈነ። ሁለታችንም በዓለም ጆሮ የገባነው በረሃብ ስም ነው። የእኔ እድሜ ሰው በውጭ አገር "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ሲል የሰሚውን ፊት ያውቀዋል። እዚህም ያሉ የእኔ እኩዮች ያንኑ ፊት ያውቁታል። ከአንዱ ጋር ሻይ እየጠጣን ይህን ስናወራ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ከአገራችን ጋር የሚያገናኛቸው ሌላም ነገር አለ። አማርትያ ሴን የሚባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ ውስጥ የእኛን የወሎ ረሃብና እ.ኤ.አ. የ1974ን የባንግላዴሽ ረሃብ አንድ ላይ መርምሯል። ሁለቱንም ቦታ ሲያይ ያገኘው ነገር ቢኖር ሰው የሞተው ምግብ ከአገር ስለጠፋ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ባንግላዴሽ በዚያ ዓመት የነበራት እህል ከቀደሙትና ከተከተሉት ዓመታት የሚበልጥ ነበር። የጠፋው የድሃው የመግዣ አቅም ነው፤ ጎርፍ የቀን ሥራውን ወሰደበት፣ የሩዝ ዋጋ ደግሞ ናረ። ወሎም ውስጥ ገበሬው ባዶ እጁን ሲቀር ከዚያው ክፍለ ሀገር እህል ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ይህን ማንበብ የምጽፍልሽን ያህል ቀላል አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዳካ ውስጥ ሞሃካሊ በሚባል ሰፈር አንድ ሆስፒታል አለ። ሰዉ "ኮሌራ ሆስፒታል" ይለዋል። በተቅማጥ የተያዘ ሁሉ በነፃ ይታከምበታል። ወንድምሽ አስፈቅዶ ወሰደኝ። አልጋዎቹን ብታያቸው! በፕላስቲክ የተሸፈነ ሸራ ናቸው፤ መሃላቸው ቀዳዳ አለው፤ ከሥር ባልዲ ተቀምጧል። አስታማሚው ባልዲውን አይቶ ምን ያህል ፈሳሽ እንደወጣ ያውቃል፤ የወጣውን ያህል ይተካል። ውድ መሣሪያ የለበትም፤ ግን የታሰበበት ነው። ከእያንዳንዱ ሕፃን አጠገብ አንዲት እናት ወይም አያት ኩባያና ማንኪያ ይዛ ተቀምጣለች። ነርሶቹ እየዞሩ ያያሉ፤ ሕፃኑን የምታድነው ግን ማንኪያ የያዘችው ናት። እንደ እኔ በጤና ሥራ ያረጀ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ዝም ከማለት በቀር ምን ይላል?

በማንኪያ የሚጠጣውን ይህን የስኳርና የጨው ፈሳሽ አንቺ በትምህርት ቤት የአንጀትን ሥራ ስትማሪ አውቀሽዋል፦ ስኳሩ ጨውን ይዞ ይገባል፣ ውሃው ይከተላል፤ ኮሌራ አንጀትን ቢያውከውም ይህ መንገድ አይዘጋም። ነገሩ በሰው ላይ በሚገባ የተፈተነው ግን በሀብታም አገር ላቦራቶሪ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ዳካ፣ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባልበት ዘመን፣ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከራፊቁል ኢስላም ከሚባለው የአገሩ ሐኪም ጋር ሆነው የኮሌራ በሽተኞችን በአፍ በሚሰጥ ፈሳሽ አክመው አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ፈነዳ፤ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ሕንድ ተሰደደ። ድንበር ላይ ቦንጋዎን በሚባል ከተማ ኮሌራ የያዛቸውን ስደተኞች ሲያክም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀበት። በሽተኛው መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ያኔ ጨውና ግሉኮስ አስበጥብጦ በበርሜል አስቀመጠና ለአስታማሚዎቹ በኩባያ እየቀዳችሁ አጠጡ አላቸው። በዚያ የስደተኞች ሰፈር እስከ 30 በመቶ ደርሶ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ከዚያ በፊት ብዙ ባለሙያ ይህን ነገር ያልተማረ ሰው እጅ ውስጥ ማስገባት አደጋ ነው ይል ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ በዝርዝር ያወቅሁት አሁን ቢሆንም ፈሳሹን ግን የማውቀው ገና በወጣትነቴ ነው። በ1977 ወሎ ውስጥ በአንድ መጠለያ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ የፈሳሹ ዱቄት (ኦአርኤስ) በፓኬት ሆኖ በካርቶን ይመጣልናል፤ እኛ እንበጠብጣለን፤ እናቶች በኩባያ ያጠጣሉ። ብዙ ሕፃን ተርፎበታል፤ ለዚያ ስጦታ እግዚአብሔርን ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ። መጠለያው ሲዘጋ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ፓኬቱ አብሯቸው አልሄደም። ጨው ግን በእያንዳንዳቸው ቤት ነበር።

ባንግላዴሽ ከዚህ በላይ የሄደችው እዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉ በላይ እንድታውቂልኝ የምፈልገውም ይህንን ነው።

ፋዝሌ ሐሰን አቤድ የሚባል ሰው ነበር። ቺታጎንግ ውስጥ የሼል ኩባንያ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በጥሩ ደመወዝ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በአገሩ የባሕር ዳርቻ አውሎ ነፋስ መትቶ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። ያየው ነገር ሕይወቱን ለወጠው። ከነፃነቱ ጦርነት በኋላ ለንደን ያለውን ቤቱን ሸጠና እ.ኤ.አ. በ1972 ብራክ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ወንድምሽ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ድርጅት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ወሰኑ፦ ፓኬቱን እስኪያድሉ አይጠብቁም፤ በአገሩ ላሉ እናቶች ሁሉ ቤታቸው ሄደው አሠራሩን ያስተምራሉ። በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጉር (ከሸንኮራ ጭማቂ ተፈልቶ የሚረጋው ነው)፣ ልኩ በዕቃው ላይ የተመለከተ ውሃ። አብዛኞቹ እናቶች ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ወረቀት አልተሰጣቸውም። ጥቂት ቁም ነገሮች በቃል ይነገራቸዋል፤ ከዚያ እናትየዋ ራሷ በአስተማሪዋ ፊት ትበጠብጣለች። በ10 ዓመት ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል ቤት አንኳኩተዋል። አስቢው ልጄ፤ እያንዳንዱን ደጅ በእግር!

ግን እኔን የነካኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከወር በኋላ ሌላ ቡድን ወደዚያው መንደር ይሄድና ከተማሩት እናቶች ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ "ምን ታስታውሻለሽ? እስቲ አዘጋጂልኝ" ይላል። እናትየዋ የበጠበጠችው ናሙና ላቦራቶሪ ሄዶ የጨው መጠኑ ይለካል። የአስተማሪዋ ክፍያ የሚወሰነው ስንት ቤት እንደገባች ተቆጥሮ ሳይሆን እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነበር። እናትየዋ ከረሳች ጥፋቱ የእናትየዋ አይባልም። በአገራችን ስንት ሥልጠና እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ፤ የተሳታፊው ስም ይጻፋል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። ከወር በኋላ ተመልሶ "ምን ቀረሽ?" ብሎ የጠየቀን ግን በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም። ይህ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው።

ቀጥለው ያደረጉት ደግሞ ይበልጣል። እናቶቹ ትምህርቱን በቃላቸው ይዘውታል፤ ልጅ ሲታመም ግን የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ሕዝቡ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እነሱ ግን ለምን ብለው ጠየቁ። መልሱ ሁለት ሆነ። አንደኛ፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ከልባቸው አላመኑበትም፤ የራሳቸው ልጅ ሲታመም ወደ ክኒን ይሮጡ ነበር። ስለዚህ ወደ ላቦራቶሪው አምጥተው እንዴት እንደሚሠራ አሳዩዋቸው። ሁለተኛ፣ ባሎች ምንም አልተነገራቸውምና ነገሩን በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ስለዚህ ወንዶች ሠራተኞች በገበያና በመስጊድ አባወራዎችን እንዲያነጋግሩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሥር የሰደደው።

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ የልጅ ልጇን የምታጠጣ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ወንድምሽ እኔ የጤና ሰው እንደሆንኩ ሲነግራት ማንኪያውን አስቀመጠችና ሦስት ጣቷን አጋጥማ አሳየችኝ፤ ቀጥላ ጭብጧን። በሙሽርነቷ ዘመን አንዲት ሴት ቤቷ መጥታ አስተምራት እንደነበር ነገረችን። ለልጆቿ አድርጋዋለች፣ ለምራቶቿም አሳይታለች። ይህን ልጅ ያመጣችው ትውከቱ አልቆም ስላለ ነው እንጂ ቤት ጀምራለት ነበር። እንደ እህት አቀፍኳት ብልሽ ደስ ባለኝ፤ የአገሩ ወግ ስለማይፈቅድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳኋት።

ባንግላዴሽ ነፃ በወጣች ጊዜ ከ1,000 ሕፃናት ከ200 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ ወደ 30 ወርዷል። ይህን ያመጣው የጨውና የስኳሩ ነገር ብቻ አይደለም፤ ክትባቱ አለ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የቤተሰብ ምጣኔ ሠራተኞች አሉ፣ የሴቶች ትምህርት አለ። እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በ1992 ከ1,000 ሕፃናት 166 ይሞቱብን ነበር፤ በ2008 ቁጥሩ 67 ሆኗል። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራና ከ30,000 በላይ የሆኑት ሴቶች ልጆቻችን ትልቅ ድርሻ አላቸው። አንቺ ከፍ ያለ ትምህርት ስላለሽ እነዚህን ልጆች ዝቅ አድርገሽ እንዳታዪ አደራ። በየትኛው ቤት ማን እንደታመመ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ምደባሽ ላይ የሚገጥምሽን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ "ዶክተር፣ ግሉኮስ ስቀይለት" ትልሻለች። ኦአርኤስ ስትሰጫት "ይኼ ውሃ ነው፤ ከቤቴ የመጣሁት ለውሃ ነው?" ትልሻለች። አትቆጪያት። በዓይኗ ያየችው መርፌና ጠርሙስ ነው፤ ሰውም የሚያከብረው እሱን ነው። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ፈሳሽ መከልከል ይሻላል ሲባልም ሰምታ ይሆናል። አጠገቧ ተቀመጪ። ልጁ የጠፋበት ውሃና ጨው መሆኑን፣ እሱን ካልተካችለት እንደሚጎዳ በራሷ ቋንቋ አስረጃት። ፓኬት ካለ ፓኬቱን ከዚንኩ ጋር ስጫት። ፓኬት ሲጠፋ ደግሞ በአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ያልተቆለለ። ጨው እንዳታበዛ ደጋግመሽ ንገሪያት። የጡት ልጅ ከሆነ ጡቱ እንዳይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካየች አንድ ሰዓት ሳትቆይ እንድትመጣ። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አባትሽ ነኝና እደግመዋለሁ።

እዚህ አገር የተበላሸ ነገር የለም እንዳትዪ። መልካሙን ብቻ ይዤልሽ ብመጣ ግማሽ እውነት ይሆናል። ሰው የኩሬ ውሃ እየጠጣ እንዳይታመም ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ተቅማጥ ቀነሰ፤ ሕዝቡም አመሰገነ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ከመሬቱ ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ከውሃው ጋር ይወጣ እንደነበር ታወቀ። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለዓመታት ሲጠጣው ኖሯል። ከዚያ ጉድጓዶቹ እየተመረመሩ መርዝ ያለበት ፓምፕ ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ ተቀባ። የእኛም ስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ አለበት፤ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን፣ ሲብስም አጥንታቸው የተጎዳ አዋቂዎችን ታያለሽ። ምደባሽ ወደዚያ ከሆነ ስለ ውሃው ሳትጠይቂ በሽተኛውን አትመርምሪ። መልካም ሐሳብ ያለው ሰውም መለካት እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም።

ስለ ሌላው በአጭሩ ላንሳልሽ። ዳካ ጠባብ ናት፤ አገሩ በሙሉ የእኛን አንድ ሰባተኛ አይሞላም፣ ሕዝቡ ግን ከ170 ሚሊዮን በላይ ነው። ሪክሾው፣ ጡሩምባው፣ ሙቀቱ ያደክማል። ሲነጋ አዛኑ ሲሰማ ግን ደሴ ያለሁ ይመስለኛል፤ እንቅልፌንም እዚያው እቀጥላለሁ። ማለዳ ማለዳ ወጣት ሴቶች በቡድን በቡድን ወደ ልብስ ፋብሪካ ሲሄዱ ሳይ ሐዋሳ ፋብሪካ ያሉት ልጆቻችን ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰው የሞተው ከከተማው ዳር ሳቫር ውስጥ ነው። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ሞት ያስከተለው ያ ትእዛዝ ነው። ወደ ዓረብ አገር ሊሄዱ ጥሪታቸውን የሸጡ ወጣቶችም በአውሮፕላን ጣቢያው ፋይላቸውን ታቅፈው ይሰለፋሉ። ቦሌ የምናያቸውን ልጆቻችንን አስታወሱኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው።

በሆስፒታሉ ውስጥ ፎቶ አላነሳሁም። ፍቃድ እናምጣልህ ብለውኝ ነበር። ወሎ በነበርኩ ጊዜ የውጭ ሰዎች ካሜራ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ያነሱት ፊልም ዓለምን አንቅቶ እህል አምጥቷልና ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን በጨርቅ ጫፍ ፊታቸውን የሸፈኑ ሴቶችን አይቻለሁ። እነዚያ ሴቶች ስም ነበራቸው፤ ቀዬ፣ በሬ፣ የከብት ብዛት፣ የሰርግ ወግ ነበራቸው። ፎቶው ይህን ሁሉ አላሳየም። ስለዚህ ከዚህ አገር ምስል ሳይሆን ያቺ አሮጊት ያሳየችኝን ልክ ይዤ መምጣት መረጥኩ። ሰው ድሃ አገር ሄዶ ሲመለስ አንዱ "የእኛስ ይሻላል" ብሎ ይጽናናል፤ ሌላው ያዝናል። በድሃ አገር የሚኖር ሰው ግን ለችግሩ ያገኘው መላ አለው፤ ችግሩም የእኛው ነው። የአንቺ ትውልድ ሐኪሞች መጽሐፉንም ፈተናውንም ከአሜሪካ ይጠብቃሉ። ተማሪ፣ ከየትም ተማሪ፤ ከፍ ወዳለ ትምህርት ለመሄድ ብትፈልጊም መንገድሽን አልዘጋም፣ እመርቅሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ዳካም እይልኝ። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ምን እንደጻፉ ወንድምሽ ይልክልሻል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ምደባሽ የትም ይሁን የት፣ የተቅማጥ በሽተኛ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት በፊትሽ ፈሳሹን በእጇ ትበጥብጥ። ባሏ ውጭ ቆሞ እንደሆነ አስገቢውና እሱም ይይ። ስሟንና ጎጧን መዝግቢ። በወሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ሄዳ "እስቲ አሳዪኝ" ትበላት፤ ከረሳች አንቺ ወይም ባልደረቦችሽ ያስተማራችሁበትን መንገድ ለውጡ። ከአሥሩ ስንቷ እንዳስታወሰች ለእኔም ጻፊልኝ፤ መልስሽን እጠብቃለሁ።

እናትሽ ከዚህ አገር ቅመም አምጣልኝ ብላኝ ገዝቻለሁ፤ ለአንቺም ነጠላ የሚያህል ቀጭን የጥጥ ልብስ ይዤልሻለሁ። እግዚአብሔር ያሳድግሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ።

አባትሽ